በስንቅ ስልቻዋ ላይ የጻፍኩት ካርድ

በአስጎብኚነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ጌታሁን ሦስት ነገር አስረከቡኝ፤ የቁልፍ ዘለላ፣ የቀርከሃ መጠቆሚያና አራት ገጽ ወረቀት። ቁልፉ የአዳራሹና የመስታወት ሣጥኖቹ ነው። መጠቆሚያው ዕቃውን ሳይነኩ ለማሳየት ነው። ወረቀቱ ለጎብኚ የሚነገረው ንግግር ነው። እሱን እንኳ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ከሁለት ቀን በፊት በታይፕ የመታሁት እኔው ነበርኩ።

እስከዚያ ድረስ ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ታጋዮችና የደርግ ወታደሮች የተዋጉበት ጉብታ አለ። እዚያ ላይ ሐውልት ቆመ፤ ምሽጉ ከብት እንዳይገባበት ታጠረ፤ አጠገቡ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ተሠራ። መጀመሪያ የተመደበው አስጎብኚ ድምፁ ቀጭን ስለነበር የሚናገረውን ነፋስ ይወስድበታል። አንድ ቀን አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ዘበኛውን ስጣራ አቶ ጌታሁን ሰሙኝ።

«ዘሀራ፣ ይሄ ድምፅ ቢሮ ውስጥ ይባክናል» አሉ።

አስጎብኚ የሆንኩት በዚህ ዓይነት ነው። ታይፑም አልቀረልኝም። በመሥሪያ ቤቱ በአሥር ጣት የሚመታ ሌላ ሰው ስላልነበረ ጠዋት ጉብታው ላይ እጮሃለሁ፣ ከሰዓት ቢሮ ገብቼ እደበድባለሁ።

የመጀመሪያ ጎብኚዎቼ ከአጅባር የመጡ መምህራን ነበሩ። ሐውልቱ ሥር አቆምኳቸውና ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሻርፔ አፌ ውስጥ ገባ። አንድ ሸምገል ያሉ መምህር ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጀርባሽን ለነፋሱ ስጪው። ያኔ እሱ ራሱ ያደርስልሻል» አሉኝ። በአራቱ ገጽ ውስጥ ያልነበረ የመጀመሪያ ትምህርቴ ይህ ነው።

ሌላውን እየሠራሁ ተማርኩ። ጉብኝቱ ሦስት ማቆሚያ አለው፤ ሐውልት፣ ምሽግ፣ አዳራሽ። አዛውንት ካሉ ሐውልቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው፤ አለበለዚያ ከጀግኖቹ ታሪክ ይልቅ ጉልበታቸውን ያዳምጣሉ። ምሽጉ ጠርዝ ላይ ሰው ማቆም አይገባም፤ አፈሩ ይናዳል። ባለሥልጣን ሲመጣ ንግግሩን ማሳጠር ነው፤ እሱ ራሱ መናገሩ አይቀርምና። ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ከአዳራሹ መጀመር ነው፤ ጥይት ካላየ ጆሮው አይከፈትም።

አዳራሹ ሲከፈት ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከጦርነቱ የቀረ ዕቃ ያለው ሁሉ እንዲያመጣ በየቀበሌው ተለፈፈ። ቀለህ መጣ፣ የተበሳ ድስት መጣ፣ አንዱማ የሞተ ራዲዮኑን ይዞ መጥቶ ጥገና ያለ መስሎት ኖሮ ተቆጥቶ ሄደ። ዕቃውን መቀበል፣ መመዝገብና የመግለጫ ካርድ መምታት የእኔ ሥራ ሆነ።

በዚያ ሰሞን ሼህ ይመር በቅርጫት ዕቃ ይዘው መጡ። ሼህ ይመር በጉብታው ግርጌ ያለው ቅሬ አባት ናቸው። ቅሬ እኛ ዘንድ ሙት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይገባበታል። ከውጊያው በኋላ በየጥሻው የቀረውን ሬሳ ሰብስቦ የቀበረው ይኸው ቅሬ ነው። በቅርጫቱ ውስጥ የወታደር ኮዳ፣ ቀበቶና አንዲት ትንሽ ስልቻ ነበሩ። ስልቻዋ ከግልገል ቆዳ የተሠራች፣ ገበሬ መንገድ ሲወጣ በሶ የሚይዝባት ዓይነት ናት።

«የማን ነው ሼህ?» አልኳቸው።

«የልጆቹ ነው» አሉ።

የየትኞቹ ልጆች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ሥራ በዝቶብኛል፣ እሳቸውም ለሰላት ቸኩለዋል። ኮዳው የደርግ ወታደር መሆኑን ካየሁ ዘንድ ሌላውን በራሴ ጨረስኩት። ወታደር የገበሬ ስልቻ ከየት ያመጣል? ቀምቶ ነዋ። ታይፑ ላይ ተቀመጥኩና መታሁ፤ «የጠላት ወታደር ከአርሶ አደር የዘረፈው የስንቅ ስልቻ።»

አቶ ጌታሁን ካርዱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ሌሎቹ ካርዶችሽ ኮዳ፣ ቀበቶ ብለው ዝም ይላሉ። ይሄ ግን ይናገራል» አሉ። ስልቻዋ ከዳር ሣጥን ወጥታ መሃል ላይ ተቀመጠች። እኔም ኮራሁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ መስታወቱን በመጠቆሚያው ኳ አድርጌ፣ «ተመልከቱ፤ የድሃ በሶ እንኳ አልቀረለትም» እል ነበር። ይህቺን ከወረቀቱ አላገኘኋትም፤ የራሴ ጭማሪ ናት። ጎብኚው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ እኔ ወደሚቀጥለው ሣጥን አልፋለሁ።

በአራተኛው ዓመት ከየወረዳው የተውጣጡ ሴቶች ለስብሰባ መካነ ሰላም መጡ። ከስብሰባው በኋላ በሁለት አይሱዙ ተጭነው ለጉብኝት ወጡልኝ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ቀልቤን ሳቡት። ሌላው ሰው ሐውልቱን ወደ ላይ ያያል፤ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ስማቸው እማማ ስንዱ እንደሚባል ያወቅኩት ኋላ ነው።

ምሽጉ ጋ ስንደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡኝ።

«ልጄ፣ የነዚያኞቹ ልጆች የት ተቀበሩ?»

«የእነማን እማማ?»

«የደርግ ወታደር የነበሩት።»

ወረቀቴ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው «ጠላት ድባቅ ተመታ» ነው። የት ተቀበረ አይልም። «እሱ አዳራሽ ውስጥ ይብራራል እማማ» አልኳቸው። አይብራራም ነበር።

አዳራሽ ገባን። እንደ ልማዴ መስታወቱን ኳ አድርጌ የስልቻዋን ነገር ተናገርኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እማማ ስንዱ ሰው እየገፉ ወደፊት መጡ።

«ምን አልሽ ልጄ? እስቲ ድገሚው።»

ጆሯቸው የከበደ መሰለኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

«አልዘረፈም» አሉ። «ይቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ።»

ይሄ የእኔ ነው የሚል ጎብኚ ከዚያ በፊትም አጋጥሞኛል፤ አመላለሱን አውቀዋለሁ። «እማማ፣ ስልቻ ሁሉ ይመሳሰላል» አልኩ በለሰለሰ ድምፅ።

«ይመሳሰላል። ገልብጫትና ሥሯን እዪው። አይጥ በልቷት በቀይ ክር ጠቅሜያታለሁ።»

ያለ አለቃዬ ፈቃድ ሣጥን አይከፈትም። ያን ሕግ ለጎብኚ የምናገረው እኔ ነኝ። ግን ሁለት መኪና ሙሉ ሴት እጄን ያያል። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ከፈትኩ። ስልቻዋን በአራት ዓመት ውስጥ ገልብጫት አላውቅም። ገለበጥኳት። ቀዩ ክር አለ። አፈርኩ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

እማማ ስንዱ አላለቀሱም። ሣጥኑን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው ነገሩኝ። አገራቸው ኩታበር ነው። ልጃቸውን ለብሔራዊ ውትድርና ያፈሱት በገበያ ቀን ነው፤ ወደ ደሴ እህል ሊያደርስ ስንቁ ተቋጥሮለት ነበር።

«አንገቱን ይዤ አልለቅም አልኩ። ሲጎትቱት ማተቡ ተበጥሶ በእጄ ቀረ። መኪናው ሲነሳ ስልቻዋን ወረወርኩለት። ቀለባት። ያየሁት የመጨረሻ እሱ ነው። ኋላ አንድ የተመለሰ ወታደር ቦረና በኩል ቀረ ብሎ አረዳኝ። አሁን መኪናው ወደ ቦረና ነው ሲባል የተነሳሁትም ለዚያ ነው እንጂ ስብሰባ ምን ያደርግልኛል?»

ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ።

«ልጄ በዕድሜው የሰው እንቁላል አንስቶ አያውቅም። ያንን ወረቀት አንሺልኝ። ያለበትንም የምታውቂ ከሆነ አሳዪኝ።»

ሴቶቹ ምሳቸውን ሊበሉ ከሐውልቱ ሥር ተቀመጡ። እኔ እማማን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሼህ ይመርን ከማሳቸው ዳር ድንጋይ ሲለቅሙ አገኘናቸው።

«ሼህ፣ ያቺን የስንቅ ስልቻ ከማን ላይ ነበር ያገኛችኋት?» አልኩ። አራት ዓመት የዘገየ ጥያቄ ነው።

እሳቸው ለእኔ ከመመለሳቸው በፊት እማማን አዩ። ነገሩ ገባቸው። በእጃቸው የነበረውን ድንጋይ ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«አብሽሩ እናቴ» አሉ። «ሜዳ አልቀረም። ኑ፣ ላሳያችሁ።»

የቅሬው መቃብር ከማሳው በላይ፣ ከጥዱ ሥር ነው። እየሄድን ነገሩን። «እኛ የማን ወታደር ነው ብለን አልለየንም። ሙት ሙት ነው። የለየነው አንገት አይተን ነው። ማተብ ያለውን ቄሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱ፤ የሌለውን እኛ ወሰድን። ስልቻዋን ያነገተው ልጅ አንገቱ ባዶ ነበር። አጠብነው፣ ከፈንነው፣ ሰገድንበት፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገን ቀበርነው። ይኸው፣ ይቺ ናት።»

እማማ ስንዱ ከጉያቸው አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ አውጥተው ፈቱ። ጥቁር የማተብ ክር ነው፣ የተበጠሰ።

«ማተቡ እኔ ዘንድ ነው የቀረ» አሉ።

ሼህ ይመር መዳፋቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። እሳቸውን ያህል ሰው ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። «አላህ ይቅር ይበለን። አላወቅንም። ካሉ ቅሬውን ሰብስቤ ነገ እናነሳዋለን። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዛወር፤ ቄሱም ወንድሜ ናቸው፣ እምቢ አይሉም።»

እማማ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ የመኪናውን ጥሩንባ እየጠበቅኩ እጨነቃለሁ።

«ተዉት» አሉ በመጨረሻ። «አጥባችሁታል፣ አልብሳችሁታል። እናንተ ዱዓ አድርጋችሁለታል፤ እኔም ፍትሐት አስፈትቼለታለሁ። ሁለቱም የሚሄደው ወደ አንዱ ጌታ ነው። ደግሞ ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት።»

ከራስጌው ድንጋይ ሥር አፈሩን በጣታቸው ጫር አድርገው ማተቡን ቀበሩለት። ሼህ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እማማ አሜን አሉ። ጥሩንባው ተነፋ።

አይሱዙው ላይ ደግፌ ሳወጣቸው ስለ መቃብሩ ምንም አላነሱም። «ያንን ወረቀት» ብቻ አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ታይፑ ላይ ተቀመጥኩ። አሮጌውን ካርድ ቀዳድጄ አዲስ መታሁ፤ «የስንቅ ስልቻ። አንዲት እናት ለወታደር ልጇ ሰፍታ የሰጠችው።» ወጥቼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። የራሴንም ጭማሪ ከንግግሩ አወጣኋት።

አቶ ጌታሁን ያወቁት በሳምንቱ ነው። ቢሮ አስጠሩኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«የመጀመሪያውንም ማንም አልፈቀደልኝ። ገምቼ ነው የጻፍኩት፤ ተሳስቻለሁ። አረምኩት።»

«ጎብኚ ለጠላት እንዲያለቅስ ነው የምትፈልጊው?»

«ያለቀሰ የለም። እናቱ እንኳ አላለቀሱም።»

«አሮጌውን መልሰሽ ትመቻለሽ።»

«ሌላ ሌላውን ሁሉ እመታለሁ። እሱን አልመታም።»

ፈርቼ ነበር። በእኔ ደመወዝ የሚያድጉ ሁለት ልጆች አሉኝ። አባታቸው ጅዳ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ግን ያቺን መስመር እንደገና ለመምታት ጣቴ እንደማይታዘዘኝ አውቃለሁ። ቁልፉን ተቀበሉኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍላት አሉ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለሁት ታይፒስት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማስጠንቀቂያዬን የመታሁት ራሴ ነኝ፤ በሁለት ካርቦን። ሁለት ቦታ የተሳሳቱትንም ፊደል አስተካከልኩላቸውና ፈርሜ ወሰድኩ።

አሮጌውን ካርድ በእጃቸው እንዳይጽፉት ደግሞ፣ በእጅ የተጻፈ ካርድ አዳራሽ አይገባም የሚለውን መመሪያ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በሩን ዘግተው በአንድ ጣት ሲሞክሩ ሰማሁ። ቆጭ... ቆጭ... ከዚያ ዝም። ስለዚህ አዲሱ ካርድ ተነሳ፣ አሮጌውም አልተመለሰ፤ ስልቻዋ ያለ ካርድ ከረመች።

ነገሩን ለሼህ ይመር የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አልክድም። በቀጣዩ የገበያ ቀን ሼሁ ከቄሱ ጋር ሆነው ቢሮ መጡ። አቶ ጌታሁን የአገሩ ልጅ ናቸውና ተነስተው ተቀበሏቸው። እኔ ታይፑ ላይ ነበርኩ፤ ውጪ ያለኝ የለም፣ አልወጣሁም።

«አቶ ጌታሁን» አሉ ሼህ ይመር፣ «ከቅሬያችን ሰው አንዱ ሌባ ተብሎ ተጽፏል ሲሉ ሰማን።»

«የእናንተ ሰው አይደለም እኮ ሼህ። ከየትም የመጣ ወታደር ነው።»

«ቅሬው የቀበረው ሰው የቅሬው ሰው ነው። እርስዎም ያውቁታል፤ የቆየ ደንባችን ነው። በቅሬ ሰው ላይ ያልሠራው ሲነገርበት ዝም ካልን ነገ ማን ይቀብረናል?»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ጌታሁን እስክሪብቷቸውን ያገላብጣሉ።

«እናትዎም በዚሁ ቅሬ ናቸው» አሉ ሼህ ይመር። «አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። እኛ ክፉ ልንናገር አልመጣንም። ልናሳውቅዎ ብለን ነው።»

ሌላ አልተባለም። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ማስተርጎም አያሻውም። ቅሬ የተቀየመው ቤት ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክልለት የለም። አቶ ጌታሁን ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኙ። ተመልሰው መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ የነሱኝን ካርድ አወጡ፤ ጀርባው ላይ ማኅተም መቱበት። ቁልፉንም ጨምረው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«ማስጠንቀቂያውስ?» አልኳቸው።

«እሱ ይቀመጥ» አሉ።

ዛሬ በሕይወት የሉም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ክፉ ሰው አልነበሩም። ከላይ ያሉትን ይፈሩ ነበር፤ እኔም እሳቸውን እንደምፈራው።

በዓመቱ እማማ ስንዱ ተመልሰው መጡ። ከዐረብ አገር የገባች ሴት ልጃቸው ይዛቸው ነው የመጣችው። መቃብሩን ሳሙ፤ ከሼህ ይመር ቤት ቁርስ በሉ፤ ከዚያ አዳራሽ ገቡ። ፊደል አያውቁምና ካርዱን አነበብኩላቸው። አንዴ ደግመው አስነበቡኝ።

«መልካም ነው» አሉ። «ስሙስ?»

መቃብሩ ድረስ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ከአለቃዬ ጋር ተጣልቻለሁ። ለዚያ ካርድ ስል ከእንጀራዬ ልባረር ነበር። የልጁን ስም ግን አልጠየቅኩም። እሳቸው ልጄ ሲሉ እኔም ልጃቸው እያልኩ ዓመት ሙሉ ኖሬያለሁ።

«አበጋዝ ይባላል» አሉኝ፤ ሳይቆጡ።

ሣጥኑን ከፍቼ ከካርዱ ግርጌ በእስክሪብቶ ጻፍኩት፤ አበጋዝ። በእጅ የተጻፈ አይገባም የሚለው መመሪያ ያኔም አልተሻረም ነበር። አቶ ጌታሁን አይተውታል፤ ምንም አላሉም።

ጡረታ ስወጣ ለተተኩት አስጎብኚዎች ቁልፉን፣ መጠቆሚያውንና ወረቀቱን አስረከብኩ። ወረቀቱ ያኔ ስድስት ገጽ ሆኗል። እሱ ላይ የሌለውን በቃል ነገርኳቸው። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ስለ ሙት ስትናገሩ እናቱ ከጎብኚዎቹ መሃል እንደቆሙ አድርጋችሁ ተናገሩ። ካርድ ከመምታታችሁ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ስሙንም ጠይቁ።